አባዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ እንድሠራ ላደረገችኝ የሲቀላዋ ልጅ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። አባዬን ሳስታምም ጊዜ አጣሁ። ዛሬ ግን ሳልጽፍ አላድርም ብዬ ተነሳሁ።

አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ጠባብ የሞባይል ሱቅ አለች። ውስጧ ሦስት ሰው አይቆምም። እዚያ የምትሠራ ወጣት ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍም፣ እሷም እንዲጻፍ አልፈለገችም። ላፕቶፕ ይዛችሁ ወደ አርባ ምንጭ የምትሄዱ ሰዎች ግን እባካችሁ እሷ ጋ ሳትደርሱ አንድም ዕቃ፣ አንድም ፓኬጅ አትግዙ። እኔ ከገዛሁ በኋላ ነው ያገኘኋት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰኔ መጨረሻ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት እንቅልፍ የላቸውም። ልክ በዚያ መሀል ወንድሜ ደወለ። አባዬ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። ቀዶ ሕክምናው አልቆ ቤት ቢገባም ከአልጋ አይነሳም፣ ወንድሜ ደግሞ ሥራው መስክ ነው።

አለቃዬ ደግ ሰው ነው፣ እሱንም አመሰግናለሁ። «ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንገናኛለን፣ ማታ ማታ የሠራሽውን ትልኪልኛለሽ» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? የቀረኝ ኢንተርኔት ብቻ ነበር።

ከመሄዴ በፊት አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገባሁ። «ክፍለ ሀገር ልሄድ ነው፣ ለላፕቶፕ የሚሆን ኢንተርኔት እፈልጋለሁ» አልኩት። ሻጩ የት እንደምሄድ እንኳን አልጠየቀኝም። ላፕቶፑ ጎን ላይ የሚሰካ ሞደም አወጣና «ይሄ የትም ቦታ ይሠራል፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ» አለኝ። 4,200 ብር። አባቴ ታሞ ልቤ እዚያ ስለሆነ ብዙ አልተከራከርኩም። አምኜው ከፈልኩ።

አውቶቡሱ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርጎ ነው የሚወስደው። ከተማ ስንገባ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ስንወጣ ይጠፋል። መንገድ ላይ ነው ብዬ ቻልኩት። አርባ ምንጭ ደርሼ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ አባዬ ቤት ገብቼ ስሰካው ግን ያች ቀይ መብራት ቦግ አለች፣ ቀይ እንደሆነች ቀረች። በረንዳ ወጣሁ፣ ቀይ። ማንጎው ዛፍ ሥር ሄድኩ፣ ቀይ። ሻጩ ጋ ስደውል «ችግሩ የኔትወርኩ ነው፣ ዕቃው ምንም አልሆነ» አለኝ። በሁለተኛው ስልክ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። ሦስተኛውን አላነሳም።

በማግሥቱ «ዋይፋይ አለን» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ቤት ገባሁ። ሻይ አዘዝኩ፣ ፓስወርድ ሰጡኝ። መልእክት ያስገባል፣ ፋይል ግን አይልክም። አራት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አንድ ፋይል ግማሽ ላይ ቆመብኝ። አስተናጋጁን ስጠይቀው «ዛሬ ሰው በዝቶ ነው» አለኝ። በዚያ አራት ሰዓት ውስጥ አባዬ ብቻውን ነበር። ስመለስ የውሃው ብርጭቆ እጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ።

ከዚያ ሌላ ሰው ጋ ሄድኩ። የስልኬን ዳታ በሆትስፖት ወደ ላፕቶፑ መስደድ እንደሚቻል የነገረኝ እሱ ነው፣ ለዚህ ይመስገን። ከዚያ ግን «ትልቁን ፓኬጅ ግዢ፣ 30 ጊጋ ነው፣ ለወር ይበቃሻል» አለኝ። ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አለቃዬ እያናገረኝ ምስሉ ቀጥ አለ። አለቀ! 30 ጊጋ በሦስት ቀን። ምን እንዳደረግኩበት አላውቅም። አንድ ፊልም አላየሁም፣ ዘፈን አልከፈትኩም። ሰውየው ጋ ተመልሼ ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀና «ብዙ ትጠቀሚያለሽ ማለት ነው፣ ሌላ ግዢ» አለኝ። ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ግራ ተጋብቶ ፊታችሁ ሲቆም እንዲህ አይባልም። ገንዘቡ ይቅር፣ እንዴት አንድ ጥያቄ እንኳን አይጠየቅም?

አባዬን ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ናት ልጅቷን የጠቆመችኝ። «ሲቀላ አንዲት ልጅ አለች፣ የልጄን ስልክ እሷ ናት ያዳነችው» አለችኝ። በባጃጅ ወረድኩ። በዚያ ጊዜ ማንንም የማመን አቅም አልነበረኝም። ሱቋ ገብቼ መደርደሪያው ላይ ያለውን የኪስ ዋይፋይ እያሳየኋት «ይሄ ስንት ነው?» ነው ያልኳት። በቃ ልገዛና ልገላገል ነበር የፈለግኩት።

ዋጋውን አልነገረችኝም። «እህቴ፣ የት ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት?» አለችኝ።

ከስንት ሰው በኋላ ይህን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ሴቻ፣ አባቴ ቤት አልኳት። «ቤቱ ወደ ሐይቁ ነው ወይስ ወደ ከተማው የሚያየው? ግድግዳው ብሎኬት ነው? በምን በምን ሰዓት ነው የሚሠሩት? የሚልኩት ይበዛል ወይስ የሚቀበሉት?» የመጨረሻው ጥያቄ ገረመኝ። የምልከው ይበዛል አልኳት። «እንግዲያውስ ሳናየው ምንም አይግዙ» አለችና ሱቋን ለታናሽ ወንድሟ ትታ ባጃጅ ውስጥ አብራኝ ገባች። እሷ ራሷ! ሱቋን ትታ!

ቤት ስትደርስ መጀመሪያ አባዬን አጎንብሳ ሰላም አለችው። ከዚያ ሁለት ሲም የያዘ ስልኳን አወጣች፣ አንዱ 09 አንዱ 07። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫችን ሁለት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን ሁለቱንም ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሳሎን፣ ጓዳ፣ በረንዳ፣ ማንጎው ሥር፣ እኔ የምተኛበት ክፍል ሁሉ ገባች። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ትቆማለች፣ ፍጥነት የሚለካውን ትከፍታለች፣ በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ቁጥር ትጽፋለች። መዳፏ ሲሞላ ወደ ክንዷ ተሻገረች።

«ሰው ሁሉ የሚያየው ይሄን የላይኛውን ነው፣ ማውረጃውን፣ የሚቀበሉበትን ፍጥነት» አለችኝ ስልኩን እያሳየችኝ። «እርስዎ ግን ፋይል ነው የሚልኩት፣ በቪዲዮም ይታያሉ። ለእርስዎ የሚበጀው መጫኛው ነው፣ የሚልኩበት ፍጥነት።» እውነት ለመናገር ከነገረችኝ ሁሉ የገባኝ ይሄ ብቻ ነው። ግን ይሄ በቂ ነበር። በረንዳው ላይ ማውረጃው ፈጣን ሆኖ መጫኛው ሞቷል። እኔ ስንት ቀን በረንዳው ላይ የተንገላታሁት ለካ በዚህ ነው።

በመጨረሻ የአባዬ መኝታ ክፍል ገባች። መስኮቱ ደፍ ላይ ስልኩን አስቀምጣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ መዳፏን፣ ክንዷን፣ ስልኩን ደጋግማ አየች። ዞር ብላ «ከቤቱ ሁሉ የሚሻለው እዚህ ነው። አባባ አጠገብ» አለችኝ።

ከሳሎን ጠረጴዛውን ራሷ ጎትታ አመጣች፣ ከአልጋው ጎን፣ መስኮቱ ሥር አስጠጋችው። አባዬ ትራሱ ላይ ቀና ብሎ እያያት ነበር። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ በሥርዓት የሚሠራ ሰው ሲያይ ፊቱ ይፈካል። «ልጄ፣ የጻፍሽውን ቁጥር እስቲ አሳዪኝ» አላት። መዳፏን ዘርግታ አሳየችው። አንድ በአንድ አነበበና «ትክክል ነሽ፣ እዚህ ይሻላል» አላት። ከወደቀ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ከሁለቱ የትኛው መስመር አሸነፈ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም፣ ይህንንም ያለችው እሷ ናት። «ከዚህ ሦስት ቤት ወርደን ብንለካ ሌላኛው ሊበልጥ ይችላል። ሰው የወንድሙን ምክር ሰምቶ ይገዛል፣ የወንድሙ ቤት ግን የእሱ ቤት አይደለም» አለች። ስለዚህ የምትቀመጡበትን ቦታ ለኩ። መጀመሪያ ትንሿን የቀን ፓኬጅ ገዝታችሁ በምትሠሩበት ሰዓት፣ በምትሠሩበት ወንበር ላይ ሞክሩ። ጠዋት የሚሮጠው ማታ ሰው ሲበዛ ሊያነክስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው የወሩ የሚገዛው።

30 ጊጋውንስ ማን በላው? ይህን ስነግራት ላፕቶፔን ከፈተች፣ አንድ ዝርዝር አወጣችና አሳየችኝ። ላፕቶፑ ራሱ ነው የበላው! ያገኘው ኔትወርክ የቢሮ ዋይፋይ መስሎት ለካ እኔ ሳላውቅ ራሱን ሲያድስ፣ የድሮ ፎቶዎቼን ሁሉ ወደ ላይ ሲጭን ነው የከረመው። አንዲት ቦታ ነካ አደረገችና «አሁን ይሄ የሚቆጠር ዳታ መሆኑን ነግሬዋለሁ፣ ዝም ብሎ አይጎትትም» አለችኝ። ምን እንዳደረገች አልገባኝም፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንት የገዛሁት ፓኬጅ ሳምንቱን ሙሉ ከረመ፣ ተረፈም። በ09 መስመር *804# እየደወልኩ የቀረኝን ማታ ማታ እንዳይም አስለመደችኝ። ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፓችሁን ነገሩን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፣ በተለይ ለእሷ።

የኪስ ዋይፋዩን እንድትሸጥልኝ ለመንኳት። እንቢ አለች። «ለእርስዎ ብቻ ስልክዎ ይበቃል። ይሄን ብሸጥልዎት ሌላ ቻርጅ የሚፈልግ ዕቃ ነው የምጨምርብዎት።» የሸጠችልኝ አንድ አጭር ኬብል ነው፣ 250 ብር። ስልኩ በኬብሉ ከላፕቶፑ ጋር ሲያያዝ ኢንተርኔቱንም ይሰጣል፣ ቻርጁም አያልቅም። ሆትስፖት ከፍቼ ስልኬ እንደ ምጣድ የሚግለው ነገር ቀረ። የድካሟን ልክፈል ስላት «የባጃጁን ከፍለዋል አይደል?» አለችኝ። በግድ ሙዝ አስያዝኳት።

ስትወጣ አባዬ እጇን ይዞ መረቃት። «እግዚአብሔር ያሳድግሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ እጅሽ ይባረክ» አላት። እሷም ቆማ አሜን፣ አሜን እያለች ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሕይወቴ የማልረሳቸው ናቸው። ጠዋት ስብሰባዬን እዚያው አልጋው ጎን ሆኜ እገባለሁ። ውሃ ሲፈልግ እጄን ዘርግቼ አቀብለዋለሁ። መስኮቱን ስንከፍተው ከታች አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመሀላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ይታያል። አባዬ ልጅ ሆኜ ሂሳብ ያስተማረኝ በዚያ መስኮት ሥር ነው። አሁን ደግሞ እኔ ቁጥር ስደምር እሱ ከአልጋው ላይ ይጠብቀኛል። «ገጠመልሽ?» ይለኛል። አልገጠመም ስለው «እስቲ ከታች ወደ ላይ ደምሪው» ይላል። ሁለቴ ስህተቴን ያገኘሁት በእሱ ምክር ነው።

ሰኔ 30 ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ፋይል ላክሁ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፣ ደርሷል አለኝ። አባዬ አልተኛም ነበር። «ተዘጋ?» አለኝ። ተዘጋ አባዬ አልኩት። «ለዚያች ልጅ ደውይላት» አለኝ። በነጋታው ጠዋት ደወልኩላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አባባ እንዴት አደሩ?» ብላ ነው።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልልኝ። አንቺ ኢንተርኔት የሰጠሽኝ መስሎሽ ይሆናል። ለእኔ አባቴ አጠገብ የምቀመጥበትን ቦታ ነው የሰጠሽኝ።

ወደ አርባ ምንጭ የምትሄዱ፣ ለሥራም ለዘመድም ይሁን፣ ሂዱላት። ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትልኩ፣ ሂዱላት። ከውጭ አገር መጥታችሁ ላፕቶፕ ላይ የምትሠሩ፣ ሻንጣችሁን አስቀምጡና መጀመሪያ እሷን አግኙ። የምታማክርበት አታስከፍልም፣ የማያስፈልጋችሁን አትሸጥላችሁም። ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለምትሄድ የምትከፍተው ከሰዓት በኋላ ነው። ስትሄዱ ከሴቻ የአባባ ልጅ ናት የላከችን በሏት፣ ታውቀኛለች።