ለልጄ አስጠኚ ለጋሼ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ሰላም ወዳጆቼ፣ ሰላም የሰፈር ሰዎች። መጥፎ ሠራተኛ ሲገጥመን አገር ይያዝልን እንላለን። ጥሩው ሲገኝ ግን ሰው እንዳይወስድብን ደብቀን እንይዛለን። ዛሬ ጥሩውን ልናገር ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ለልጄ የሳይንስና የሒሳብ አስጠኚ ስፈልግ ያየሁትን አበሳ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ እየመጣባት ነው። መጀመሪያ የላክኋት አንድ ማስጠኛ ማዕከል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሰፈሩንም አልናገርም። የብዙ ወር ክፍያ ባንዴ ተቀበሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ፊታቸው ጠቆረ። ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ አጭቀው ቀመር ያስገለብጧቸዋል። ደብተሯን ስገልጥ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ ቀመር ነው። «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብላት «ለፈተና ነው» አለችኝ። ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሌላ ቀን ብሄድም ስብሰባ ላይ ናቸው። እስካሁን የወጡ አይመስለኝም።

ከዚያ ቤት እየመጣ የሚያስጠና ወጣት ቀጠርኩ። ልጅቷ ጥያቄ ስትሠራ እሱ ቲክቶክ ያያል። ሳቁ ማድ ቤት ድረስ ይሰማኛል። ሌላው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን «ፊዚክስ ለሴት ልጅ ይከብዳል፣ ሒሳቡ ላይ ብናተኩር ይሻላል» አለኝ። ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማች! እሱን ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ ነው የሸኘሁት።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ የባለቤቴ እህት ስለ ጋሼ ነገረችኝ። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ራሳቸው ስላልፈቀዱልኝ ነው። «እኔ ዘፋኝ አይደለሁም» ነው ያሉኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መብረቅ ትፈራለች። አባቷ ደግሞ ሥራው መንገድ ይበዛዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላን የሚገባው ማታ ነው። ቤታችን ከቦሌ አየር ማረፊያ ብዙም አይርቅም። አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ሲሉ በአናታችን ነው የሚያልፉት። ግንቦት ላይ ሰማዩ ሲጠቁርና አባቷ የሚመጣበት ቀን ሲሆን በረንዳ ላይ ትቆማለች። ግቢ ብትባል አትገባም። የበላችው እራት አይረጋላትም።

አንድ ማታ ጋሼ ሊሄዱ ሲነሱ ሰማዩ ማንጎራጎር ጀምሯል። በረንዳው ላይ ሆነን አውሮፕላን ሲመጣ አየን። መብራቱ ከሩቅ እያደገ ሲመጣ ልክ ከበስተኋላው ሰማዩ ቦግ አለ። ልጄ «መታው!» ብላ ጮኸች። እኔም ክው አልኩ። ዓይን ላይ ሲታይ እኮ ክንፉ ላይ ያረፈ ነው የሚመስለው።

ጋሼ «አይዞሽ» አላሉም። «ዝም በይ» ብለውም አልተቆጧትም። የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው የእጅ ሰዓታቸውን አዩና «ቁጠሪ» አሏት። እያለቀሰች ቆጠረች። በመሀል አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እሷ መቁጠሯን አላቆመችም። 15 ላይ ስትደርስ ነጎድጓዱ መጣ። ደከም ያለ፣ እየተንከባለለ የሚሄድ ዓይነት።

«ለ3 አካፍይው» አሏት።

«5።»

«5 ምን?»

«5... ኪሎ ሜትር?»

«መብረቁ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። አውሮፕላኑስ?»

ትንሽ አሰበች። «እዚሁ። እኛ ጋ ሊደርስ ነበር።»

«ታዲያ ማንን መታው?»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ከ30 በታች ከቆጠርሽ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፣ በረንዳ ላይ አይቆምም» ብለው ሁላችንንም ወደ ውስጥ አስገቡንና በሩን ዘጉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት እንድንቆይ አዘዙን። እሳቸውም እኛ ጋ ቆዩ። ለዚያ ሰዓት ሳንቲም አልጠየቁኝም።

ቀመሩን እኔ አልነግራችሁም፤ አልገባኝምም። የገባኝ ይሄ ነው። ብልጭታውና ድምፁ እኩል ነው የሚነሱት። እሳቸው ሲያስረዷት «አንዱ በመኪና፣ አንዱ በእግሩ እንደተላኩ ወንድማማቾች ናቸው» አሏት። ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል። ድምፁ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 3 ሴኮንድ ይፈጅበታል። እኔም አላስችል ብሎኝ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የድምፁ ፍጥነት አይለወጥም?» ብዬ ጠየቅኩ። ከፍታው ሳይሆን የአየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው የሚለውጠው አሉኝ። ምክንያቱንም ነገሩኝ፤ እሱ እኔ ጋ አልደረሰም።

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ያየችውን ሁሉ መቁጠር ሆነ ሥራዋ። ከፎቁ ማዶ ግንበኛ መዶሻ ሲያነሳ ትቆጥራለች። አንድ ቀን ግን ተናድዳ ጠበቀቻቸው። የአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት አይታ፣ ድምፁ እስኪመጣ ቆጥራ፣ ያገኘችው ቁጥር እንደማይሆን ሆኖባታል። እኔ ብሆን «ተሳስተሻል» ብዬ አልፋት ነበር። ጋሼ ምን አሏት? «ድምፁ የየትኛው ብልጭታ ነው?»

ይሄን ጥያቄ አስቀምጠውላት ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ። ዝም ብለው። እኔ እንኳ መልሱን ልነግራት ስቁነጠነጥ በዓይናቸው ከለከሉኝ። በመጨረሻ ራሷ ደረሰችበት። የክንፉ መብራት ድምፅ የለውም። የሞተሩ ድምፅ ደግሞ ብልጭታ የለውም፤ ሳይቋረጥ የሚጮኽ ስለሆነ ከየት ጀምራ ትቁጠር? ብልጭታውና ድምፁ ከአንድ ነገር ካልመጡ መቁጠር ከንቱ ነው። ለአውሮፕላን ሌላ ዘዴ ሰጧት። ልክ በአናትሽ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሪ፣ ድምፁ ከአናትሽ የመጣ ሲመስልሽ አቁሚ። ከፍታው ይገኛል፣ በግምት ቢሆንም። ከእኛ በላይ 8 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሄደው አውሮፕላን ድምፁ እኛ ጋ ለመድረስ 25 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ እሱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። ለካ ድምፁ ወደሚመጣበት ቀና ስንል ሰማዩ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው! ይህን ሁሉ ዕድሜ ኖሬ አሁን መስማቴ።

ታሪክም ያወሯታል። ዊልያም ዴርሃም የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ሆኖ በቴሌስኮፕ የሩቅ መድፍ ብልጭታ እያየ፣ ድምፁ እስኪደርስ በፔንዱለም ሰዓት ይለካ ነበር አሉ። የድምፅን ፍጥነት ያገኘው እንደዚያ ነው፤ በፈረንጆች 1709 አሳተመው። አያቷ ቄስ ስለሆኑ ይሄ በጣም ደስ አላት። ስልክ ደውላ «አባባ፣ ቄስም ፊዚክስ ይሠራል» አለቻቸው። ራዳር ከመምጣቱ በፊት እንግሊዞች በባሕር ዳርቻ ግዙፍ የኮንክሪት ጆሮ ሠርተው የጠላት አውሮፕላን ያዳምጡ እንደነበርም ነግረዋታል። አውሮፕላኖቹ እየፈጠኑ ሲመጡ ድምፁ ተሰምቶ ለመዘጋጀት ጊዜ አልተረፈም፤ ጆሮዎቹ እዚያው ቀሩ።

ልጄ የልቧን ጥያቄ የጠየቀችውም እሳቸውን ነው እንጂ እኔን አይደለም። «ጋሼ፣ ግን ቢመታውስ?» አለቻቸው። አልዋሿትም። አውሮፕላን በመብረቅ ይመታል አሏት። ግን ኤሌክትሪኩ በውጭኛው አካሉ ላይ ሄዶ ይወጣል፣ ሲሠራም ታስቦበት ነው የሚሠራው። አባቷ የሚመጣበት ድሪምላይነር አካሉ በአብዛኛው ካርቦን ስለሆነ ቀጭን የብረት መረብ አብሮ ገብቶለታል። እኔ «አይመታም፣ ጸልዪ» ነበር የምላት። እውነቱ ሲነገራት ነው የተረጋጋችው። አሁንም አባቷ ሲመጣ ትጠብቀዋለች፤ ከመስኮቱ ውስጥ ሆና፣ እራቷን እየበላች።

ፈተናውስ ትሉኝ ይሆናል። ገና አልደረሰም። ግን ደብተሯን ብታዩት! ቀይ ክብ የለበትም። ሥዕል ነው የሞላው፤ ደመና፣ ቤት፣ አውሮፕላን፣ በጎኑ ቁጥር።

ጋሼ፣ ልጅዎ ጽሑፉን ያነብልዎታል ብዬ ነው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄን ፊዚክስ ብቻ አይደለም ያስተማሩልኝ፣ እንቅልፏን ነው የመለሱላት።

እናንተም ልጆቻችሁን ቀመር በሚያስገለብጥ ሰው አታስጨርሱ። እኝህን ሰው ያዙ። ደግሜ እላለሁ፣ ያዙ። በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ኮሜንት ላይ «ስንት ነው?» አትበሉኝ፣ ዋጋውን ከሳቸው ጋር ተነጋገሩ። አትከራከሯቸው ብቻ፤ ሲጀምሩም ቀንሰው ነው የሚጠይቁት። እሑድ ጠዋት አትደውሉላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የቅዳሜው ሰዓት ደግሞ የእኛ ነው፣ እሱን አልለቅም።