ለደብረ ብርሃኗ ፋርማሲስት ምስጋና፣ የግፊት ክኒን ለምትወስዱ ደግሞ ጥቆማ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል የምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት አለች። ስሜ አይጠራ ስላለች የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁን። እኛ በግፊት ክትትል የምንሠራ ነርሶች ነን፤ እሷ ጋ ደርሰው የሚመለሱ ታካሚዎች ካርዳቸው የተሟላ፣ ጥያቄያቸውም የተመለሰ ስለሆነ ልናመሰግናት ወደድን። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የተባሉትን የግፊት ክኒኖች የሚወስድ ወላጅ ያላችሁ፣ ከመንዝም ከአንኮበርም ብትመጡ አትከስሩም።

«ግፊቴ አልወርድ አለ፣ ፍሬ ይጨመርልኝ» ለሚላት ሰው መጀመሪያ የምታደርገው ሁለት ጣቷን አንጓው ላይ አሳርፋ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ሙሉ 60 ሰከንድ የልብ ምት መቁጠር ነው። 15 ሰከንድ ቆጥራ በአራት አታባዛም። ቁጥሩን ከግፊቱ ጎን ትጽፈዋለች። እነዚህ መድኃኒቶች የልብን ምት ስለሚያዘገዩ፣ ሥራ ላይ መሆናቸውን ምቱ ይናገራል። ግፊቱ 160/100፣ ምቱ 90 ከሆነ ወይ ክኒኑ አልተዋጠም፣ ወይ መጠኑ አንሷል፣ ወይ ሰውነት ቶሎ አስወግዶታል። ግፊቱ ያው ሆኖ ምቱ 54 ከሆነ ግን መድኃኒቱ ልብ ላይ ደርሷል፤ ያንኑ መጨመር ልብን ከማዘግየት አልፎ ለግፊቱ ብዙም አይፈይድም። እንዲህ ያለውን ሰው ሌላ ዓይነት መድኃኒት እንዲታይለት ወደ ሐኪሙ ትልከዋለች።

«በደሜ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይለካልኝ» የሚልም አለ። ለግፊት እምብዛም አይረዳም። ፕሮፕራኖሎልን ጉበት ገና ሲያልፍ አብዛኛውን ስለሚያፈርሰው፣ እኩል የዋጡ ሁለት ሰዎች ደም ውስጥ ያለው መጠን እስከ 20 እጥፍ ሊራራቅ ይችላል፤ ግፊታቸው ግን በዚያ ልክ አይራራቅም። ከአቴኖሎል ወደ ደም የሚሰርፈው ግማሽ ያህሉ ነው፣ የሚወጣውም በኩላሊት። ደም ውስጥ ያለው በየ6 እስከ 7 ሰዓቱ እየተጋመሰ በማግስቱ ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ይወርዳል፤ ግፊቱን መያዙን ግን አይተውም። በቀን አንዴ የሚበቃው ለዚህ ነው። ከ100 ሚሊግራም በላይ ለግፊት ትርፍ የለውም፤ ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ደግሞ በ50 ወይም በ25 ይወሰናል። ሙሉ ውጤቱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ስለሚፈልግ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ማለት ችኮላ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ሌላ የልብ ችግር ለሌለበት ሰው አቴኖሎል ዛሬ ቀድሞ የሚታዘዝ የግፊት መድኃኒት አይደለም።)

ሜቶፕሮሎል ላይ ነገሩ ወደ እኛው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን መድኃኒት የሚያፈርሰውን ኢንዛይም የሚሠራውን ዘረመል ከተለመደው ቁጥር በላይ ይዘው ተገኝተዋል። እንዲህ ባለ ሰው መድኃኒቱ ቶሎ ስለሚፈርስ፣ ጎረቤትን ያዳነ መጠን ለእናንተ ቢያንሳችሁ አይግረማችሁ። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን በተቃራኒው ኢንዛይሙን ስለሚያግደው ምቱ ከ50 በታች ሊወርድ ይችላል። የሜቶፕሮሎሉን ማሸጊያም ገልብጣ ታነባለች፦ ታርትሬት የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ ሰክሲኔት የሚለው ቀስ እያለ የሚለቅ ስለሆነ አንዴ። ሰክሲኔቱ ከተፈጨ ወይም ከታኘከ የቀኑ ድርሻ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

በብርዱ ምክንያት ክንድን ማራቆት ቢሰለችም፣ በሹራብና በበርኖስ ላይ የታሰረ መለኪያ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። ክንዱ ባዶ ይሁን፣ ቡና ከተጠጣ 30 ደቂቃ ይለፍ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጠዋት ክኒኑ ከመዋጡ በፊት ሁለቴ ይለካ። ከተዋጠ ከ2 ሰዓት በኋላ ብቻ የሚለካ ሰው መድኃኒቱ የበረታበትን ሰዓት እንጂ የደከመበትን አያይም።

ከሁሉ አጥብቃ የምትናገረው ስለማቋረጥ ነው። ጾም ሲገባ በቀን አንዴ የሚዋጠውን ሐኪም አማክሮ ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። ለፀበል ተብሎ በአንዴ ማቆም ግን ታፍኖ የቆየውን ልብ ድንገት ይለቀዋል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይመለሳል፣ የልብ ሕመም ላለበት የደረት ውጋት ይነሳል። ፀበሉንም ክኒኑንም አብሮ መያዝ ይቻላል። የግድ ይቁም ከተባለም በሐኪም ትእዛዝ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቀስ በቀስ ተቀንሶ ነው። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ፕሮፕራኖሎልን ከጎረቤት ተበድሮ እንዳይውጥ።

በገበያ ቀን ወረፋ ስላለባት በማለዳ ሂዱ። ካርዳችሁንና የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ ፍሬውን በወረቀት ጠቅልሎ ለሚመጣ ሰው ልትነግረው የምትችለው ጥቂት ነው።