ለእማዬ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ

ይሄን ምጣድ ከመርካቶ ገዝቼ ሦስት ወር ተጠቅመንበታል። የሱቁን ስም አልጠራም። ዋጋውንም ተዉት፣ እናንተ እስክትሄዱ ይቀየራል።

ጥሩነቱ ዳሩም መሃሉም እኩል ይግላል፣ ክዳኑም እንፋሎት አያስወጣም። የእንጀራው ዓይን ያምራል። ብቻ ሳትቸኩሉ በጎመን ዘር አሟሹት፤ እኔ ቸኩዬ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተጣብቀው ቀሩ።

ገመዱ ግን ያናድዳል። አጭር ነው፣ ሶኬቱም ሳምንት ሳይሞላው ቀለጠ። ባለሱቁ «የቤትህ መስመር ነው» አለኝ። ኤሌክትሪሺያን ሳስጠራ ነገሩ ግማሽ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያለ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው፣ ከፍሪጅ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካም። በወፍራም ሽቦ የራሱን መስመር አስዘረጋሁለት። ይሄንንም ወጪ አስቡት።

አንድ ቅዳሜ ራሴ ልሞክረው አልኩ። እማዬ ትከሻዋን ስለሚያማት በርጩማ ላይ ሆና «ከዳር ጀምረህ ወደ መሃል!» ትለኛለች። ሰባተኛው ላይ ወገቤ ተቆረጠ፣ እንፋሎቱም እጄን ለበለበኝ። በድምሩ 12 ጋገርኩ፣ አምስቱን ቀደድኩ። ያውም ጭስ የለም፣ እፍ ማለት የለም።

እሷ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሳች፣ በባህር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ፣ ለሁለት ምግብ ቤቶች በቀን 60 እንጀራ ትጋግር ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያዬ ከዚያ ጭስ ቤት ነው የወጣው። እኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ «ወላጅ አምጣ» ስባል ጭስ ጭስ ትላለች ብዬ አክስቴን ይዤ ሄድኩ። አውቃለች። አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ምግብ ቤቶቹ የተቀደደ ስለማይቀበሉ የተቀደደውን የምትበላው እሷ ነበረች። እኔማ ስለምትወደው ይመስለኝ ነበር! ያን ቅዳሜም ምሳ ሲቀርብ እጇ ወደ ተቀደደው ሄደ። ቀድሜ አነሳሁትና ደህናውን ወደ እሷ ገፋሁት። «አንተስ?» አለችኝ፣ ግራ ገብቷት።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን ለገመዱ ቀነስኩ። ካርድ እንዳይፈጅባችሁ ደግሞ የእማዬን ዘዴ ያዙ፤ ሊጡ ሊያልቅ ሲል ትነቅለውና የመጨረሻዋን እንጎቻ በቀረው ግለት ትጋግራታለች። እንጎቻዋ አሁንም የኔ ናት።