የበርበሬያችንን ቀለም ለመለሱልን የማተሚያ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለተኛው ዙር ህትመት እስኪደርስ ሆን ብዬ ቆየሁ። አንድ ጊዜ ያማረ ቀለም በአጋጣሚም ይገኛል፤ ከአራት ወር በኋላ ያው ቀለም ተመልሶ ሲመጣ ግን የባለሙያ ጥንቃቄ አለበት። ትናንት አዲሱን ካርቶን ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ እናቴን "አዲሱ የትኛው ነው?" አልኳት። መለየት አልቻለችም።

እናቴ በርበሬ ታሰናዳለች። ዛላውን ራሷ መርጣ ትገዛለች፣ ቀንጥሳ፣ ደልዛና አስጥታ እስክታስፈጨው ድረስ ለማንም አትሰጥም። እኔ አሽጌ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። የመጀመሪያውን 3,000 ካርቶን ያሳተምኩት ሌላ ቦታ ነበር። በኮምፒውተር ያየሁት ደማቅ ቀይ፣ ካርቶኑ ላይ የሸክላ ቀለም ሆኖ መጣ። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ይጨመራል የሚለው ስጋት በየገበያው በሚሰማበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት ደንበኛ ካርቶኑን አገላብጣ "ንጹሕ ነው ግን?" ብላ ጠየቀች። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን እኚህን ሰው ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሜያቸውን በኦፍሴት ማሽን ላይ ያሳለፉ ናቸው። ፍላሹን ስዘረጋላቸው አልተቀበሉኝም።

"በርበሬውን ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዲዛይኑ እኮ እዚህ ላይ አለ።"

"እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ የምናስመስለውን ነገር ልየው።"

በማግስቱ አንድ ጭልፋ በርበሬ ይዤ ሄድኩ። ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው፣ ለቀለም ማመሳከሪያ በተዘጋጀው፣ የቀን ብርሃን በሚመስለው 5,000 ኬልቪን መብራት ሥር አስቀመጡት። በሱቅ መብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች ፀሐይ ላይ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ መብራቱ ካልታወቀ ዓይንን ማመን እንደማይገባ ነገሩኝ። ቀጥለው ፋይሉን ከፈቱ። ቀለሙ የተዘጋጀው ለኮምፒውተር መስታወት ነበር። መስታወቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል፤ ካርቶን ግን የወደቀበትን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ቀለሙም የሚገኘው ከሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ከማጀንታ (ደማቅ ሐምራዊ ቀይ)፣ ከቢጫና ከጥቁር ነው። ስለዚህ መስታወት ላይ የሚያበራ ቀይ ሁሉ በእነዚህ አራቱ አይገኝም። የእኛ ቀይ የሞተው ደግሞ ማጀንታው አንሶ ሳያኑ ስለበዛ ነበር። ሳያን የቀይ ተቃራኒ ነው፤ ትንሽ ሲበዛ ቀዩን ወደ ቡናማ ይጎትተዋል። ለወራት ያስጨነቀን ነገር ይኸው ነበር።

ካስተካከሉት በኋላ የሙከራ ህትመቱን በዚያው በምንጠቀምበት ካርቶን ላይ አወጡልኝ፤ የማያንጸባርቀው ላሚኔሽን (ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ) ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው ከነላሚኔሽኑ እንዳየው አደረጉ።

የህትመቱ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጠሩኝ። በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ትንንሽ የቀለም ሳጥኖች ተደርድረው ይታተማሉ። አንዱ ከ50 በመቶ ሳያን፣ ከ40 በመቶ ማጀንታና ከ40 በመቶ ቢጫ የተሠራ ግራጫ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ግራጫው ወዲያው ወደ አንድ ቀለም ያዘነብላል፤ የቀለም መዛባትን ለዓይን ቀድሞ የሚያሳየው ይህ ግራጫ ነው ብለው አሳዩኝ። ከዓይናቸውም አልፈው ቀለም በሚለካ መሣሪያ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር፣ እየለኩ ይመዘግባሉ። በመሃል ማሽኑን አስቆሙ። የውሃውና የቀለሙ ሚዛን ተዛብቶ ማጀንታው መሳሳት ጀምሯል። እኔ ልዩነቱ አልታየኝም፤ መሣሪያው ግን ከጸደቀው ናሙና ያለውን ርቀት፣ ዴልታ ኢ የሚሉትን፣ 4 አድርሶታል።

"ዓለም አቀፉ የህትመት ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ 12647-2፣ የተወሰነ ልዩነት ይፈቅዳል" አሉኝ፤ "ለእናትሽ በርበሬ ግን 4 ብዙ ነው።"

ቀለሙ የሳሳባቸውን ካርቶኖች ለይተው ጣሉ፤ በእኔ ሒሳብ አይደለም፣ በራሳቸው። ሥራቸውን እንደዚህ የሚያከብር ሰው ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሲጨርሱ አንዱን ካርቶን አስፈርመውኝ፣ ብርሃን እንዳያደበዝዘው በጥቁር ፖስታ አሽገው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ሁለተኛው ዙር የተመሳከረው ከእሱ ጋር ነው።

ዋጋቸው እኔ ከጠየቅኋቸው ቦታዎች ሁሉ ይበልጣል፣ አይቸኩሉምም። ለእኔ ግን የተጣለው 3,000 ካርቶን ከዚህ ሁሉ በላይ ነበር ያስወጣኝ። ጋሼ፣ እኔም እናቴም ከልብ እናመሰግንዎታለን። እናቴ ለቤትዎ የሚሆን በርበሬ አዘጋጅታለች፤ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛልና የማሸጊያ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ወይም የካታሎግ ሥራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ፍላሽ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቀለሙ እንዲመስል የምትፈልጉትን ነገር ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።