ኤፍ 1.8 ወይስ ኤፍ 1.4? የሁለት ባለ 50 ሚሊሜትር የካነን ሌንሶች ንጽጽር

ካነን ለሚረርለስ (በውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት ለሌላቸው) ካሜራዎቹ ከሚሠራቸው የአርኤፍ ሌንሶች መካከል ዙም የሌለውንና ብርሃን በደንብ የሚያስገባውን ባለ 50 ሚሊሜትር ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሌንሶች መካከል ያመነታል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ሲሆን፣ ሁለተኛው በኦክቶበር 2024 ይፋ የሆነው ኤፍ 1.4 ኤል ቪሲኤም ነው። ኤፍ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ (አፐርቸር) ስፋት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ኤስቲኤምና ቪሲኤም የፎከስ ሞተሩ ዓይነቶች ናቸው፤ ኤል ደግሞ የካነን ውድ ሌንሶች መለያ ነው። ሲወጡ በአሜሪካ ገበያ የመጀመሪያው 199፣ ሁለተኛው 1,399 ዶላር ተተምነው ነበር። የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሱቅ ዋጋ ስለሚዋዥቅ በብር መጻፉ ብዙም አይጠቅምም፤ የሰባት እጥፉ ልዩነት ግን በየትኛውም ገንዘብ ቢቆጠር ያው ነው። ባለ 1.8ውን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ባለ 1.4ቱን ደግሞ ከሥራ ባልደረባዬ ተውሼ ለሁለት ሳምንት በኢኦኤስ አር6 ማርክ 2 ላይ ሞክሬዋለሁ።

ሻጮች ውዱን ሌንስ ሲያሞግሱ ቀድመው የሚያነሡት የብርሃኑን ነገር ነው፤ ሒሳቡ ግን የሚባለውን ያህል አይደለም። ኤፍ 1.4 ከኤፍ 1.8 የሚያስገባው ብርሃን 1.65 እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ በባለ 1.8ው በ3200 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) የሚነሣው ፎቶ በባለ 1.4ቱ በ2000 ይነሣል ማለት ነው። በዘመኑ ካሜራዎች ይህን ልዩነት ደንበኛ ቀርቶ እኔም ፎቶውን በስክሪን ላይ ሳላጎላ አልለየውም። የፎከሱ ጥልቀትም (ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት) ቢሆን ከ1.5 ሜትር ርቀት ላይ ለቆመ ሰው በኤፍ 1.8 ወደ 10 ሴንቲሜትር፣ በኤፍ 1.4 ወደ 7.5 ሴንቲሜትር ነው። በሁለቱም ዓይን ጥርት ብሎ ጆሮ መደብዘዝ ይጀምራል፤ ለዚህች ልዩነት ብቻ 1,200 ዶላር የሚጨምር ሰው በኋላ መቆጨቱ አይቀርም።

የዋጋው ምክንያት የሚታየው ሁለቱም ሌንሶች እስከ መጨረሻው ተከፍተው ሲሠሩ ነው። አመሻሹ ላይ አክስቴ ቡና ሲያፈሉ አንድ መስኮት ብቻ ባለው ሳሎን ውስጥ በሁለቱም ተራ በተራ አነሣኋቸው። የለበሱት ነጭ ነጠላ ከመስኮቱ ብርሃን ተቀብሎ ያበራል፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ግን ጨለማ ነው። በባለ 1.8ው ፎቶ ላይ ከፎከሱ ወደ ፊት የቀረው የነጠላው ጠርዝ ቀጭን ወይን ጠጅ መስመር ተከትሎታል፤ ወደ ኋላ የዞረው ጠርዝ ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። በባለ 1.4ቱ ፎቶ ይህ መስመር ጨርሶ ባይጠፋም ፈልጎ ካላዩት አይታይም። መስመሩን በሶፍትዌር ማጥፋት ይቻላል የሚል ሰው ትክክል ነው፤ ይሁንና ሶፍትዌሩ የቀለም ስሕተቱን ከእውነተኛው ቀለም ለይቶ ስለማያውቅ፣ ጥለቱ ራሱ ወይን ጠጅ ከሆነ አብሮ ያደበዝዘዋል። ሙሽሮችን በሐበሻ ቀሚስ ለሚያነሣ ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥለት እየመረጥኩ በእጄ ሳስተካክል ያደርኩባቸው ሌሊቶች ስላሉ ነው እዚህ ላይ የዘገየሁት።

ባለ 1.8ው በፍሬሙ መካከል ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ቢሆን ጥርት ያለ ነው፤ የሚለሰልሰው ወደ ጥጎቹ ሲሄድ ነው። አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 2.8 ሲጠብ ጥጎቹም ይሻሻላሉ፣ የቀለም መስመሩም በአብዛኛው ይጠፋል። በዚያ ደረጃ ግን ሌላ ነገር ብቅ ይላል፦ አፐርቸሩን የሚሠሩት ቅጠሎች በባለ 1.8ው ሰባት፣ በባለ 1.4ቱ አሥራ አንድ ናቸው። በትንሣኤ ሌሊት ከሰው ጀርባ የሚነድዱት ጧፎች በመጀመሪያው ሰባት ማዕዘን ያለው ነገር መምሰል ሲጀምሩ፣ በሁለተኛው ክብ እንደሆኑ ይቆያሉ።

በፎከስ ረገድ የባለ 1.8ው ሞተር ለቆመ ሰው ይበቃል። ፎከሱ ከሙሽራ የጣት ቀለበት ወደ ፊቷ በሚዞርበት ጊዜ ግን ለቅጽበት ያመነታል፤ ቪዲዮ ሲቀረጽም ድምፁ በካሜራው ማይክ ይሰማል። ባለ 1.4ቱ ፈጣንና ዝምተኛ ነው። በተጨማሪም ከዚሁ ተከታታይ ከሆኑት ከባለ 24ና ከባለ 35 ሚሊሜትር ሌንሶች ጋር ተመሳሳይ የ67 ሚሊሜትር ፊልተር ስለሚጠቀምና መጠኑም ስለሚቀራረብ፣ በጊምባል (ካሜራውን በሚያረጋጋ መያዣ) የሚሠራ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ ሌንስ በቀየረ ቁጥር ሚዛኑን እንደ አዲስ ለማስተካከል ብዙ አይደክምም። ሥራው ፎቶ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ጥቅም ዋጋ የለውም።

ክብደታቸው 160 እና 580 ግራም ነው። ትንሹ በኮት ኪስ ይገባል፤ እስከ 30 ሴንቲሜትር ተጠግቶም ፎከስ ያደርጋል፤ ትልቁ በ40 ይቆማል። በሌላ በኩል ትንሹ ከአቧራና ከዝናብ የሚከላከል ማሸጊያ የለውም፤ ሁድ የሚባለው የፀሐይ መከላከያም ለብቻው ይገዛል። ሁለቱም የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሥርዓት ስለሌላቸው፣ ይህ ሥርዓት በውስጡ የሌለው እንደ አር8 ያለ ካሜራ ያለው ሰው የሹተሩን ፍጥነት ይጠንቀቅ። እንደ አር50 ባለ ትንሽ ሴንሰር ካሜራ ላይ ደግሞ 50ው እይታውን የ80 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ስለሚያጠብ ለጠባብ ሳሎን አይመችም።

ከ2018 ጀምሮ ያለውን ኤፍ 1.2 ኤል የሚጠይቁኝ አሉ፤ 950 ግራም ነው፣ ሙሉ ቀን የሠርግ ሥራ ላይ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይደለም። ለካነን የድሮ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች የተሠራው ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም በእጁ ያለ ሰው ግን አዲስ ለመግዛት አይቸኩል፤ 110 ግራም በሚመዝነው አዳፕተር ይሠራለታል፤ አዳፕተሩ ውስጥ የሌንስ መስታወት ስለሌለ የምስሉ ጥራት አይቀንስም።

በእኔ አስተያየት በክፍያ ሠርግና መልስ የሚቀርጽ፣ በተለይ ቪዲዮ የሚጨምር ባለሙያ ባለ 1.4ቱን ቢገዛ ያዋጣዋል። ለቤተሰብ፣ ለመንገድና ለትምህርት የሚፈልግ ሰው ባለ 1.8ውን ገዝቶ የቀረውን ገንዘብ ለጥሩ ፍላሽ ቢያውለው ይሻለዋል። የሚወላውል ገዢ የራሱን ካሜራ ይዞ ወደ ሱቅ ይሂድ፤ አንድ ነጭ ነጠላ በጨለማ ነገር ላይ አስቀምጦ በሁለቱም ሌንሶች ሙሉ በሙሉ ተከፍተው እንዳሉ ያንሣ፤ ከዚያም የጥለቱን ጠርዝ በካሜራው ስክሪን ላይ አጉልቶ ይመልከት።