የ3 ፓውንዱ መዝገብ፦ ከኖርፎክ ገጠር አንድ የቀን ሠራተኛ ፍለጋ

ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። ልጆቻችን በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አባቴ በስልክ እያስደገመ ነው ያስጠናቸው። በአባታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያት አያልፉም ነበር። አማቴን ስጠይቃቸው «ከኖርፎክ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ መሰለኝ» ብለው ነገሩን ዘጉት (ኖርፎክ በምሥራቅ እንግሊዝ ያለ አውራጃ ነው)። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከጀመርኩ አልተውም።

ስለዚህ የዛሬው ግምገማዬ የእንግሊዝና የዌልስን የወሳኝ ኩነት መዝገብ ስለሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ ስለ ጄነራል ሬጂስተር ኦፊስ የኦንላይን አገልግሎት ነው። የእንግሊዝ ዘር ያለው ልጅ፣ ባል ወይም ሚስት ያላችሁ፣ ከዚህ ጀምሩ። ከሌላ ቦታ አትጀምሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ በሌላ ቦታ ጀምሬ ነው የተቃጠልኩት። ስሙን የማልጠራው አንድ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ለነፃ ሙከራ ብዬ ካርዴን አስገባሁ፣ ቀኑ ሲያልፍ የዓመቱን ሂሳብ ቆረጠብኝ፣ ከዚያ ላይ «የእናንተ ዘመድ ይሄ ነው» እያለ በሌላ አውራጃ የኖረ ሞክሼ ሰው ሰጥቶኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ የማላውቀውን ሰው ልጆች ስቆጥር ከረምኩ። የቤተሰቡ ስም በዚያ አካባቢ እንደ እኛ አበበና ከበደ የበዛ ነው። በስም ብቻ ማንንም አታገኙም።

የመንግሥቱ አገልግሎት ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ማውጫውን ለመፈለግ መመዝገብ እንጂ መክፈል አያስፈልግም። የልደት ማውጫው ደግሞ የእናትየውን ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ይነግራችኋል። እኛ ጋ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትቀይር ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። እዚያ ግን በልማዱ ሴቲቱ ካገባች በኋላ የአባቷ ስም ይጠፋል። በድሮው የታተመ ማውጫ ላይ ይህ ስም የገባው ከ1911 ወዲህ ነው፤ በአዲሱ የኦንላይን ማውጫ ግን ምዝገባው ከተጀመረበት ከ1837 አንስቶ አለ። ከአስር ሞክሼዎች መካከል የራሳችሁን ሰው የምትለዩት በእናቱ ነው።

ዋጋውን ልንገራችሁ። የቆዩ ልደቶችና እስከ 1887 የተመዘገቡ ሞቶች ፎቶ 3 ፓውንድ ነው፤ ወዲያው ይከፈትላችኋል። ከዚያ በኋላ ለሆኑ የቆዩ ሞቶች በፒዲኤፍ 8 ፓውንድ፣ ጥቂት ቀን መጠበቅ አለ። የወረቀቱ ምስክር ወረቀት 12.50 ነው፤ ለዘር ፍለጋ ብቻ ከሆነ አያስፈልጋችሁም።

የባለቤቴ ምንዥላት፣ ማለትም የቅድመ አያቱ አባት፣ በ1838 ኢስት ዲረሃም ከምትባል የገበያ ከተማ አጠገብ በምትገኝ መንደር ተወለደ። 3 ፓውንድ ከፈልኩና መዝገቡ ተከፈተ። የአባት ሥራ፦ የእርሻ ቀን ሠራተኛ። ገበሬ አይደለም! በዚያ አገር ገበሬ የሚባለው መሬት ያለው ወይም የተከራየ ሰው ነው። የእኛ ሰው ቤተሰብ በሰው ማሳ ላይ በደመወዝ የሚያድር ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ከልደቱ ቀን አጠገብ ሰዓት ተጽፏል። በእንግሊዝ መዝገብ የልደት ሰዓት የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ለመንታ ነው። ልቤ ምቱ ጨመረ። ወደ ማውጫው ተመልሼ ያንኑ የአባት ስም፣ ያንኑ የእናት ስም፣ ያንኑ ሩብ ዓመት ፈለግሁ። አንዲት ሴት ልጅ ወጣች። 3 ፓውንድ። ሰዓቷ ከሱ በሃያ ደቂቃ ይቀድማል። በሞት ማውጫ ላይ ፈለግኋት፤ እዚያም አለች። ሌላ 3 ፓውንድ። በዘጠነኛ ቀኗ በመንዘፍዘፍ ሞታለች፣ ሞቷን ያስመዘገበችው እናቷ ነች፣ መጻፍ ስለማትችል በስሟ ቦታ የኤክስ ምልክት አድርጋለች። አራስ ነበረች እኮ! ለአማቴ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በቤተሰቡ ውስጥ ስለዚህች ልጅ የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። አሁን ልጆቼ ሲቆጥሩ ስሟን ያስገባሉ።

አንድ ነገር ግን እወቁ። በዚህ አገልግሎት የምታዩት ከየአካባቢው መዝገብ በጸሐፊ ተገልብጦ የተላከውን ቅጂ ነው። ያቺ ኤክስ የእናትየው እጅ አይደለችም፤ ጸሐፊው የገለበጣት ናት። ስህተትም አብሮ ይገለበጣል። ሌላው ቅሬታዬ ፍለጋው ነው። ጾታና ዓመት ካላስገባችሁ አይሠራም፣ ከሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያም አያልፍም። ጋብቻም በዚህ ማውጫ ውስጥ የለም። ለጋብቻ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራውን ፍሪቢኤምዲ የተባለ ድረ ገጽ ተጠቀሙ፤ በነፃ ነው፣ እነዚያን ሰዎች እግዜር ይስጣቸው።

የምንዥላቱን የራሱን እጅ ያየሁት በኖርዊች በሚገኘው የኖርፎክ መዝገብ ቤት ነው፣ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ፎቶ ስከፍት። ቄሱ ስሙን ጽፈው መሃሉን ክፍት ትተውለታል። እሱ ኤክሷን ሠርቷል። አንዱ እግሯ ረጅም፣ ቀለሟ የተዝረከረከ። ቤተሰቡ ውስጥ ከዚህ ሰው የቀረ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ ዕቃ የለም። በገዛ እጁ የሠራት ያቺ ኤክስ ብቻ ናት ያለችን።

የቀረውን ሕይወቱን በየአስር ዓመቱ ከሚደረገው የሕዝብ ቆጠራ ለቃቀምኩ። በ1841 የሦስት ዓመት ልጅ። በ1851 አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሥራው «ወፍ ጠባቂ» ተብሏል። ይቺን ሳነብ የእኛ አገር የማሽላ ማሳ፣ ማማውና ወንጭፉ ነው የታየኝ። በዚያው ኖርፎክ በ1850 ማርሻም በምትባል መንደር የተወለደው ጆርጅ ኤድዋርድስ ገና በስድስት ዓመቱ ወፍ ያባርር ነበር። አባቱ ለልጆቹ ብሎ ከማሳ ተርኒፕ የሚባል ሥር ወስዶ ታስሯል፤ ቤተሰቡም ሠርተው ማደር ያቃታቸው ድሆች ከሚገቡበት፣ ዎርክሃውስ ከሚባለው ቤት ገብቷል። ጆርጅ ማንበብ የተማረው ካገባ በኋላ ከሚስቱ ነው፣ በ1920 ደግሞ የፓርላማ አባል ሆነ። የእኛ ሰው ያልተናገረውን ሕይወት ለልጆቼ የማስረዳቸው በኤድዋርድስ ነው፤ ዘመኑም አውራጃውም አንድ ስለሆነ።

ከ1861 እስከ 1891 ባሉት አራት ቆጠራዎች ሁሉ ሥራው አንድ ነው፣ የእርሻ ቀን ሠራተኛ። በ1901 ቤቱ ውስጥ የለም። ግሬሰንሆል ከሚገኘው ዎርክሃውስ አገኘሁት። ስድሳ ሦስት ዓመቱ፣ ሚስቱ ሞታለች። ሞቱ ከ1887 በኋላ ስለሆነ 8 ፓውንዱን ከፈልኩ፤ የሞተውም እዚያው ነው።

ግሬሰንሆል ዛሬ ሙዚየም ነው። ባለፈው በጋ አማቴን ይዘናቸው ሄድን። ግቢው ውስጥ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

በጠቅላላው ለመሥሪያ ቤቱ የከፈልኩት 17 ፓውንድ ነው። ያ የዓመት ሂሳብ የቆረጠብኝ ድረ ገጽ የወሰደው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጣለሁ፤ ግማሿን ያስቀረሁት በፍለጋው ገደብ ነው። አሁን የቀረኝ የመንታዋ ጥምቀት ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተጠምቃ ከሆነ በአጥቢያው መዝገብ መገኘት አለባት። ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይዣለሁ።