ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመግባት ለምታስቡ፦ የውጭ ኩባንያ ውስጥ ያየሁት

"ሐዋሳ ፓርክ ልግባ ወይ?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። እዚያ አንድ ትልቅ የውጭ ልብስ አምራች ውስጥ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ኦፕሬተር (ማሽን ላይ የምትሰፋ ሠራተኛ) ነበርኩ፣ በኋላ ኳሊቲ (የስፌቱን ጥራት የምትፈትሽ) ሆንኩ። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ሐሳቤ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሙያ ታገኛላችሁ፣ ደመወዙ ግን አያኖርም።

ከጥሩው ልጀምር። ስፌት ማሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው ይቀበላሉ። ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ ያለ ክር ወረቀት ላይ ያሰፏችኋል፣ መርፌው መስመሩን ሳይስት እስኪሄድ ድረስ። ከዚያ ጨርቅ፣ ከዚያ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጥር ማሽን)። እጅ እንዲህ ይፈታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሸሚዝ ስንት እጅ አልፎ ሸሚዝ እንደሚሆን የገባኝም እዚያ ነው፤ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ አንዷ ኪስ ብቻ፣ አንዷ ቁልፍ ብቻ ነው የምትሠራው። ኳሊቲ ስትሆኑ ደግሞ ዓይናችሁ ይሠለጥናል፣ የተዛባ ስፌት ከሩቅ ይታያችኋል። ይሄ ሙያ የትም ብትሄዱ አብሯችሁ ይሄዳል። ሰርቪስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ ይገባል። እነዚህን ማቃለል አልፈልግም።

አሁን ወደ ታርጌት፣ ማለትም ማውጣት ያለባችሁ የሥራ ብዛት። በየላይኑ (ተራ ይዘው ሥራ በሚቀባበሉት ማሽኖች መስመር) ሰሌዳ አለ፣ በየሰዓቱ ስንት እንደወጣ ይጻፍበታል። አንዷ ከዘገየች እሷ ጋ ሥራ ይከመራል፣ ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል፣ ጩኸት ይጀመራል። ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን። የውጪዎቹ ኃላፊዎች ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ቀድመው የለመዷት "ቶሎ ቶሎ" ናት። ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ ከገጠር የመጡ ሲዳምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፣ አማርኛውም ለእነሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የተነገራቸው ስድብ ይሁን ትእዛዝ ሳይለዩ የሚያለቅሱ ልጆች አይቻለሁ። ለዚህ አስተርጓሚ ማቆም ምን ያህል ያስወጣል? እስከዛሬ ያናድደኛል።

ደመወዙስ? በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት የፓርኩ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነና ልብስ ለውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብር ጨምሯል፣ ግን የቤት ኪራይና ጤፍም ቆመው አልጠበቁንም። ልጆቹ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ። ያለማቋረጥ ለመጣ የሚሰጥ ቦነስ አለ፤ አንድ ቀን ታማችሁ ብትቀሩ ይሄዳል። ኩባንያዎቹ "ሠራተኛው አይረጋም" ይላሉ። ሰው ከኪራይና ከምግብ የሚተርፈው ነገር ሲያጣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሥራው ቋሚ ነው ብላችሁም አትግቡ። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ኅዳር 2014 ላይ የሰሜኑን ጦርነት ምክንያት አድርጎ ፋብሪካውን ዘጋ። በቀጣዩ ወር አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) አስወጣች፣ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት፣ ትእዛዝ ቀነሰ። ጦርነቱንም አጎዋውንም ያልወሰነችው ኦፕሬተር ናት ቤቷ የተላከችው።

ከገባችሁ ግን መብታችሁን ይዛችሁ ግቡ። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ኦቨርታይም የመደበኛው ሰዓት ክፍያ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። የሠራችሁትን ሰዓት በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ፔሮል (የደመወዝ ዝርዝሩ) ሲመጣ አስተያዩ። እኛ ጋ የተቆረጠ ሰዓት የተመለሰላቸው ጽፈው የያዙት ብቻ ናቸው፤ "ይመስለኛል" ብሎ ኤች አር ቢሮ የሄደ ባዶውን ተመለሰ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይገባችኋል፣ ማንም እንደ ውለታ አይቁጠርባችሁ።

እና ኩባንያ ስትመርጡ በስሙ አትመሩ። አንድ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ላይን ከላይን በጣም ይለያያል፣ ጥሩ ሱፐርቫይዘር የደረሳቸው ልጆች ዓመታት ቆይተዋል፣ ሌላው ጋ በወር ውስጥ ላይኑ ግማሹ ይቀየራል። ከመፈረማችሁ በፊት ሽፍት ሲወጣ በር ላይ ቆማችሁ ልጆቹን ጠይቁ፦ የትኛው ሼድ (የፋብሪካ ሕንፃ) ነው፣ ማን ነው የሚመራችሁ፣ ያለፈው ወር ኦቨርታይም በትክክል ገባ ወይ?